ለእህቴ ልጅ፦ ራዲያተሩ ሲያጉረመርም

ትናንት ደውለሽ «አጎቴ፣ የመኝታ ቤቴ ራዲያተር ከላይ በረዶ ነው፣ ከታች ይፈጃል፤ ሌሊት ደግሞ ሆዱ ይጮሃል» አልሽኝ። እኔም ሎንደን በገባሁበት የመጀመሪያው ክረምት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ መብራት አብርቼ አድሬያለሁ። ነገሩ አየር ነው። አዲስ አበባ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው እያሳለ እየተፋ አይደል የሚመጣው? ያው ነው፤ እዚህ ግን አየሩ መውጫ የለውምና አንቺ ታስተነፍሺዋለሽ።

1. መጀመሪያ በእጅሽ ዳስሺው። ሂቲንጉን አብሪና ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ መዳፍሽን ከላይ እስከ ታች አሳልፊበት። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ነው፤ አየር አናቱ ላይ ስለሚሰበሰብ ሙቅ ውሃው እዚያ አይደርስም። ከላይ ሞቆ ታችኛው መሃሉ ከቀዘቀዘ ግን ደለል ነው፤ ብረቱ ከውስጥ ዝጎ ያራገፈው ጥቁር ጭቃ። እሱን ቀኑን ሙሉ ብታስተነፍሺው አይለወጥም። ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ብቻ ጭራሽ ከቀዘቀዘ፣ ጎኑ ላይ ያለው ባለ ቁጥር ቫልቭ ተጣብቆ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ የማስተንፈሻ ቁልፍ ያነሳል።

2. ቦይለሩን አጥፊና ጠብቂ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ፓምፑ እየሠራ ከከፈትሽው ጭራሽ አየር ሊስብ ይችላል፤ ውሃውም 60 እና 70 ዲግሪ ይደርሳል። ግራ እጄ ላይ ያለችውን ጠባሳ ልጆቼ የምጣድ ትመስላቸዋለች። የችኮላ ናት።

3. ቁልፉ አውራ ጣት የምታህል ናት፣ አፏ አራት ማዕዘን፤ የትም የቤት ዕቃ መሸጫ ታገኛታለሽ። አንዳንድ አዳዲስ ራዲያተር በጠፍጣፋ ካቻቪቴም ይከፈታል። አናቱ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈልጊ። ሥሯ ስኒ ያዢ፣ ምንጣፉ ላይ አሮጌ ጨርቅ አንጥፊ፤ የሚወጣው ውሃ እንደ ቀለም ጥቁር ነው፣ ምንጣፉ ደግሞ የአከራይሽ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ። «ሽሽሽ» ሲል አትደንግጪ፣ ዙሩንም አትጨምሪ። ቀጥሎ ይተፋል፤ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲፈስ መልሰሽ ዝጊ። ቡሎኗን ፈጽሞ አታውጫት፣ ስትዘጊም በጉልበት አታጥብቂያት፤ ነሐስ ናት፣ ጥርሷ ይበላል። ሻማም ሲጋራም አጠገብሽ አይኑር፤ ዝገቱ ሃይድሮጅን ይፈጥራልና የሚወጣው ሁሉ አየር ላይሆን ይችላል።

4. ሌሎቹንም የምታስተነፍሺ ከሆነ ከምድር ቤቱ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። የመታጠቢያ ቤቱን የፎጣ ማድረቂያ አትርሺ።

5. አየሩ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል። ቦይለሩ ላይ ያለችውን የግፊት መለኪያ እዪ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን አለበት። ከ1 በታች ከሆነ ከቦይለሩ ሥር ብርማ ሽቦ የለበሰች ቀጭን ቱቦ አለች፤ ቫልቮቿን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ መርፌው 1.2 አካባቢ ሲደርስ ሁሉንም ዝጊ። ሁሉንም! እኔ አንዱን ረስቼ ስልክ ሳወራ 3 ባር አልፎ፣ በመከላከያ ቫልቩ በኩል ውጭ ግድግዳው ላይ ውሃ ሲረጭ ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ጣሪያ ሥር ታንከር ያለው አሮጌ ቤት ግን በራሱ ይሞላል።

6. በዓመት አንዴ ቢያጉረመርም ምንም አይደል። በየወሩ ካጉረመረመ ግን ወይ ውሃ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ብረቱ እየተበላ ጋዝ እየፈጠረ ነው። በላይ በላዩ ውሃ መሙላት መፍትሔ አይሆንሽም፤ አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ዝገቱም ይብሳል። ውሃው ውስጥ የዝገት መከላከያ መድኃኒት የሚጨምር ባለሙያ ይምጣ።

7. የቦይለሩን ክዳን አትንኪ። እሱ በሕግ ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ ላይ የተመዘገበ ሰው ሥራ ነው፤ ሲመጣ መታወቂያውን ጠይቂ፣ ከኋላው የሚችለው የሥራ ዓይነት ተጽፏል። ተከራይ ስለሆንሽ የሂቲንግ ጥገና የአከራይሽ ግዴታ ነው፤ በ1985ቱ ሕግ የተጻፈ ነገር ነው፤ በየዓመቱ የጋዝ ምርመራ ማስደረግም ግዴታው ነው። የእኛ ሰው «ኪራይ ይጨምርብኛል» እያለ ጋቢ ለብሶ ይከርማል። አትፍሪ፤ በጽሑፍ፣ ከነፎቶው፣ ቀን ጽፈሽ ላኪለት። ጋዝ ከሸተተሽ ደግሞ መስኮት ክፈቺ፣ መብራት አትንኪ፣ ውጪና 0800 111 999 ደውዪ፤ ሌሊትም ያነሳሉ።

እኔ ቤት ሁለት ቁልፍ አለ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ ጎራ ብለሽ አንዷን ውሰጂ።