ፀሐይ በሞላበት አገር ሪኬትስ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ወሯ ነው፤ የምትጠባው ጡት ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ በየቀኑ ፀሐይ አሙቂያት ይሉኛል፤ ቤተሰብ ደግሞ ብርድ ይመታታል፣ የሰው ዓይን ያርፍባታል ብሎ ይከለክለኛል። ፀሐይ በማይጠፋበት አገር የቪታሚን ዲ እጥረት እንዴት ይኖራል? የጡት ወተትስ አይበቃትም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የምትጠቅመን ሰማይ ላይ የምትታየው ፀሐይ ሳትሆን ቆዳችን ላይ ያረፈችው ናት። ቆዳ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኝ ቪታሚን ዲ ይሠራል፤ ጉበትና ኩላሊት በየተራቸው ለሥራ ያበቁታል፤ አንጀትም በእሱ እገዛ ካልሲየምን ከምግብ ይመጥጣል። ሕፃን ተጠቅልሎ ቤት ከዋለ ግን ደጁ ቢሞቅም ምንም አያገኝም። ከመስኮት ጀርባ ማሞቅም አይተካውም፤ ቪታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የጡት ወተትን በተመለከተ፣ እስከ 6 ወር የሚተካከለው ምግብ የለም፤ ማጥባትዎን ይቀጥሉ። ቪታሚን ዲ ግን በውስጡ ጥቂት ነው፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው ፀሐይ ወይም ጠብታ ነው።

እጥረቱ ሲከፋ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት በሽታ ይመጣል። እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ የጎድን አጥንቶች ጫፍ ደረት ላይ እንደ መቁጠሪያ ጎላ ጎላ ብሎ ይደረደራል፤ ልጁ መሄድ ሲጀምር እግሩ ይጣመማል። ጉዳቱ በአጥንት ብቻ አያበቃም። አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ለንጽጽር ከተመረጡት 500 ሕፃናት ግን 20 ብቻ። «ሁለቱንም ያመጣው ድህነት ቢሆንስ?» ማለት ተገቢ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤቱን መጨናነቅና ጡት ብቻ የተጠባበትን ጊዜ አስልተውም ልዩነቱ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ልጅን ከብርድ ለመከላከል ሲባል ከፀሐይ መደበቅ፣ የተፈራውን የሳንባ በሽታ መጋበዝ ሊሆን ይችላል።

«እንዲህ ከጠቀመ ሁላችንም የቪታሚን ዲ እንክብል እንዋጥ» የሚሉም አሉ። ይህ አያስኬድም። አሜሪካ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተሳተፉበት ቫይታል የተባለ ጥናት፣ በቀን 2000 ዩኒት መውሰድ ካንሰርንም ሆነ የልብ በሽታን እንዳልቀነሰ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤቱ ደግሞ የአጥንት ስብራትንም እንዳልቀነሰ ገልጿል። ቪታሚኑ የጎደለውን ይሞላል እንጂ በሞላው ላይ ጤና አይጨምርም። ከልክ ካለፈም በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይበዛል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቪታሚን ዲ መርፌ መወጋት የማይገባው ለዚህ ነው።

ለልጅዎ እንዲህ ያድርጉ፤ ረፋድ ላይ፣ ነፋስ በማይነካት ቦታ፣ እጅና እግሯን ገልጠው፣ ዓይኗን ከጨረር ከልለው ያሙቋት። በጥቂት ደቂቃ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ቆዳዋ እስኪቀላ አይጠብቁ። የሰው ዓይን የሚያሳስባቸውን ቤተሰቦች በረንዳ ላይ ወይም በጓሮ በኩል በማሞቅ ማግባባት ይቻላል። ፀሐይ ማግኘት ካልተቻለ በቀን 400 ዩኒት የሚሰጥ ጠብታ ስላለ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከላይ ከጠቀስናቸው ምልክቶች አንዱን ካዩ ግን ማሞቁ ብቻ አይበቃም፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት፤ ሪኬትስ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።