ነጻ ኗሪ አሜባዎች ስም የሚያገኙት እንዴት ነው?

አሜባ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የሆድ ቁርጠትንና ክሊኒክን ነው። ያ አሜባ ጥገኛ ነው፤ በሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል። እኛ ዛሬ የምናወራው ግን በአፈር፣ በኩሬና በቧንቧ ውኃ ውስጥ ባክቴሪያ እየበላ ራሱን ችሎ ስለሚኖረው አሜባ ነው።

አንበሳን በጎፈሩ፣ የሜዳ አህያን በመስመሮቹ እንለያለን። አሜባ ግን ቋሚ ቅርጽ የለውም፤ አሁን በማይክሮስኮፕ ያየነው ሐሳዊ እግር ከጥቂት ጊዜ በኋላ የለም። ስለዚህ የቀድሞ ተመራማሪዎች አካንታሜባ የሚባለውን ወገን ሲመድቡ ያዩት የነበረው ሲስቱን ነው። ሲስት ማለት ውኃ ሲደርቅ ወይም ምግብ ሲጠፋ አሜባው ራሱን የሚሸፍንበት ጠንካራ ልባስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፑሳርና ፖንስ በሲስቱ መጠንና ቅርጽ ወገኑን በሦስት ቡድን ከፈሉት። ችግሩ፣ ያው አሜባ በተለያየ ሁኔታ ሲያድግ የሲስቱ መልክ ሊለያይ ይችላል።

በ1990ዎቹ ሥራው ወደ ዘረመል ዞረ። ማንኛውም ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ራይቦሶሞች አሉት፤ ለእነዚህ መሥሪያ ከሚያገለግሉት ጂኖች አንዱ 18ኤስ ይባላል። እንስሳም፣ ተክልም፣ አሜባም ስላለው ለማነጻጸር ይመቻል። በአካንታሜባ ይህ ጂን ከ2,000 በላይ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። የሁለት አሜባዎችን ፊደላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን መቁጠር ነው፤ ከ5 በመቶ ካነሰ በአንድ ምድብ ይገባሉ። ምድቦቹ ቲ1፣ ቲ2 እየተባሉ ዛሬ ከ20 በላይ ሆነዋል። (ቁጥር ለስም አያምርም፤ በዚህ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ተከራክረናል።)

ውጤቱ የድሮውን መዝገብ አተራመሰው። በተለያየ የዝርያ ስም ይጠሩ የነበሩ አሜባዎች ቲ4 ውስጥ አንድ ላይ ተገኙ፤ አንድ ስም የነበራቸው ደግሞ በተለያየ ምድብ ወደቁ። በኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚዎች ዓይን ላይ ከባድ ቁስል ከሚያመጡት አብዛኞቹም የቲ4 ናቸው። ሌንስ የምታደርጉ ወላጆች፣ በቧንቧ ውኃ አትጠቡት።

ስም መሳሳት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳየው ኔግሌሪያ ነው። ኔግሌሪያ ፋውለሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል ከደረሰ ሕመሙ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ወንድሙ ኔግሌሪያ ሎቫኒየንሲስም በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያድጋል፣ መልኩም ይመሳሰላል፤ ሰውን ሲያሳምም ግን አልታየም። መዋኛ ገንዳ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለውን የሚወስን ሰው ሁለቱን በዓይን መለየት አይችልም፤ በዲኤንኤ ግን ይለያሉ።

ከሁሉ ያስገረመን የዘር ሐረጉ ነው። አካንታሜባና ኔግሌሪያ ሁለቱም አሜባ ይባላሉ፤ ሁለቱም እየተሳቡ ይሄዳሉ። በዘረመላቸው ሲታዩ ግን በጣም የተራራቁ ናቸው። ኔግሌሪያ ከአካንታሜባ ይልቅ የሚዛመደው በቆላ ከብቶቻችንን ከሚገድለው የገንዲ ተውሳክ ጋር ነው።