ማሳሰቢያ ለማይክሮስኮፕ ላብራቶሪ ተጠቃሚዎች

የብረታ ብረት ተማሪው፣ ሴራሚክ የሚያጠናው፣ ከፋብሪካ የተሰበረ ዘንግ ይዞ የመጣው መሐንዲስም ወረፋ የሚይዙት ለአንድ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። አንድ ሰው ካበላሸው የሁሉም ሥራ ይቆማል፤ መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ደግሞ የመመረቂያ ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ እባካችሁ፦

– እርጥብ ወይም ዘይት የነካው ናሙና አታስገቡ። አጥብቀን የምንለምናችሁ ይህን ነው። መሣሪያው የሚሠራው አየሩ ተመጥጦ ሲወጣ ነው፤ ናሙናው ላይ የቀረ እርጥበትና ዘይት እዚያ ውስጥ ይተንና የኤሌክትሮን ምንጩንና መመርመሪያዎቹን ይበክላል። በኢታኖል አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። የጣት ቅባት እንኳ ጉዳት ስላለው ያለ ጓንት ናሙናውንም ማስቀመጫውንም አትንኩ።

– ዱቄት ከሆነ በካርቦን ቴፕ ለጥፋችሁ ትርፉን አራግፉ። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ለቴክኒሻኑ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ተስቦ ሌንሱ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ይህን መደበቅ ነውር ነው።

– ፕላስቲክና ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ስስ ልባስ አስቀቡላቸው። ለምስል ወርቅ ጥሩ ነው። ፎስፈረስ ወይም ድኝ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ካርቦን ይሁን፤ የወርቁ ምልክት የእነሱን ይሸፍናል።

– ኦፕቲካል ማይክሮስኮፕ የሚበቃውን ሥራ ለኤሌክትሮኑ ወረፋ አታስይዙ። ኦፕቲካሉ እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ይለያል፤ የአብዛኛውን ብረት የግሬይን መጠን ለመለካት ከበቂ በላይ ነው። ናሙናውን በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በአልማዝ ፓስታ አለስልሱ።

– ከለሰለሰ በኋላ ግሬይኑ እንዲታይ የምትጠቀሙበትን የናይትሪክ አሲድና የኢታኖል ድብልቅ ከፉም ሁድ ውጭ አትክፈቱ፤ ጠርሙሱንም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፣ ጋዝ ተጠራቅሞ ሊያፈነዳው ይችላል። የተጠቀማችሁበትን ወደ ማስወገጃው ዕቃ እንጂ ወደ ሲንክ አትድፉ።

– ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሰው ጋር በሊፍት አይጫንም። አንዱ ሊትር ተንኖ 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ በጠባብ ቦታ ኦክስጅኑን አሳጥቶ ሰው ይገድላል።

– ከምስሉ ላይ የመለኪያ መስመሩን አትቁረጡ። ምስሉ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ የማጉያ ቁጥሩ ይሳሳታል፣ መስመሩ ግን አብሮ ስለሚለወጥ እውነቱን ይናገራል። ካያችሁት መካከል ያማረውን ብቻ መርጣችሁ «ናሙናው ይህን ይመስላል» አትበሉ፤ ሌላ ተመራማሪ በእናንተ ምስል ላይ ተመርኩዞ ይሠራል።

– አንድ ነገር ከተሰበረ፣ ከወደቀ ወይም እንግዳ ድምፅ ካሰማ ሥራውን አቁማችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ በመዝገቡም ጻፉት። በጊዜ የተነገረ ብልሽት ብዙ ጊዜ በጽዳት ይስተካከላል።

– መምጣት ካልቻላችሁ ተራችሁን ከአንድ ቀን በፊት ልቀቁ።