በዲሲ አካባቢ ሕፃናትን ለሚያስተምሩ፦ በየትኛው ጉዳይ ወደ የትኛው ማኅበር?

የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የዴይኬር መምህራንን ገቢ የሚደግፍ ፈንድ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በ2022 ክፍያው ሲጀመር ረዳት መምህራን እስከ 10,000፣ ዋና መምህራን እስከ 14,000 ዶላር አገኙ። በ2024 ከንቲባዋ ፈንዱ ከበጀት እንዲወጣ ሐሳብ ሲያቀርቡ መምህራን፣ የዴይኬር ባለቤቶችና ወላጆች ተቃወሙ፤ ምክር ቤቱም 70 ሚሊዮን ዶላር መልሶ መደበ። የሕፃናት መምህር ገቢ በክፍል ውስጥ ትጋት ብቻ አይወሰንም፤ በጀት ሲጸድቅ ማን እንደተናገረም ይወስነዋል። በዚህ ሥራ የተሰማራው ሐበሻ በአካባቢው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ችግርን መለየት ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ለአንዱ ድርጅት የሚገባውን ጥያቄ ለሌላው ስለሚያቀርብ ነው። ጥያቄዎ የሙያ ነው (ሥልጠና፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የማስተማሪያ ዘዴ)? የሥራ ውል ነው (ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ ፈቃድ)? ወይስ የሕግና የበጀት? በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሁለተኛው እርምጃ በሩን መምረጥ ነው። ለሙያ ጥያቄ በ1926 የተመሠረተው ኤንኤኢዋይሲ የተባለው የሕፃናት መምህራን ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ በቤታቸው ልጆች ለሚይዙ ደግሞ ኤንኤኤፍሲሲ የተባለው የራሳቸው ማኅበር አለ። ሲዲኤ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ሌላ ተቋም ሲሆን፣ 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል። እነዚህ ግን ከአሠሪዎ ጋር ደመወዝ አይደራደሩልዎትም፤ ያ የዩኒየን ሥራ ነው። በሜሪላንድ የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ የቤት ውስጥ ዴይኬር ባለቤቶች ኤስኢአይዩ ሎካል 500 በተባለው ዩኒየን በኩል ከክፍለ ግዛቱ ጋር ይደራደራሉ። ጥያቄዎ የሕግና የበጀት ከሆነ ደግሞ በዲሲ እንደ «አንደር 3 ዲሲ» ያሉ ጥምረቶች አሉ።

ሦስተኛው እርምጃ መናገር ነው። ምክር ቤቱ በጀት ሲመረምር ለሕዝብ ክፍት ስብሰባ ይጠራል፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው ለጥቂት ደቂቃዎች ይናገራል፤ በጽሑፍ ማቅረብም ይቻላል። አጭር ያድርጉት፦ ማን እንደሆኑ፣ ስንት ልጆች እንደሚይዙ፣ ገንዘቡ ቢቀር ምን እንደሚጓደል፣ ምን እንደሚጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ከቀኑ ቀደም ብለው ይጠይቁ። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ የዴይኬር ላይሰንስ የሚሰጠው የትምህርት መሥሪያ ቤትም ከእነዚህ አንዱ ነው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ብናገር ሥራዬን አጣለሁ» የሚል ስጋት ይነሳል። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በ1935 የወጣው የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ በግል ድርጅት የተቀጠሩ ሰዎች ስለ ደመወዛቸው እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ መከልከልን ወይም በዚህ ምክንያት ማባረርን አይፈቅድም። ተቆጣጣሪ ኃላፊዎችንና በራሳቸው ቤት ዴይኬር የከፈቱትን ግን ይህ ሕግ አይሸፍንም፤ እነሱ ብቻቸውን ከመቅረብ በማኅበር በኩል መናገር ይሻላቸዋል። «የአባልነት መዋጮው ይከብደኛል» ለሚልም መልስ አለ፦ በምክር ቤት ለመናገር የማንም አባል መሆን አያስፈልግም። ጊዜ የለኝም የሚለው ግን እውነተኛው ችግር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃን የያዘ ሰው በሥራ ሰዓት ስብሰባ መግባት አይችልም። ስለዚህ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር ተራ ይግቡ፤ አንዷ ስትናገር ሌሎቹ በጽሑፍ ያስገቡ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። የ2024ቱ በጀት እንዳሳየው፣ የተገኘ ገንዘብም ካልተናገሩለት ሊቀር ይችላል። በዚህ ሳምንት ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለሚመለከተው ድርጅትም ይደውሉ።