ከዓይን ስር ያለ እብጠት፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ፊለር?

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሳሊተ ምሕረት ነው የምኖረው። ከዓይኔ ስር አብጧል፣ ጉንጬም ጎድጉዷል። ቀዶ ሕክምና ይሻለኛል ወይስ ፊለር?

መልስ፦ መጀመሪያ የእብጠቱ ምንጭ ይታወቅ። ጠዋት ብሶ ከሰዓት በኋላ የሚቀል ከሆነ የውሃ መቋጠር ሊሆን ስለሚችል ኩላሊትዎንና የእንቅርት ዕጢዎን (ታይሮይድ) ይመርመሩ። ቀኑን ሙሉ የማይለወጥ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት የገፋ ስብ ነው።

ቆዳዎ ካልላላ ሐኪሙ ስቡን በታችኛው የዓይን ቆብ የውስጥ ጎን በኩል ገብቶ ይቀንሰዋል፣ ወይም ወደ ጎደጎደው ቦታ ያዛውረዋል፤ ውጭ ላይ ጠባሳ አይኖርም። ከመወሰንዎ በፊት መስታወት ፊት ቆመው የታችኛውን ቆብ በጣትዎ ወደ ታች ሳብ አድርገው ይልቀቁት። ቶሎ ካልተመለሰ ለሐኪሙ ይንገሩ። እንዲህ የላላ ቆብ እንዲጠብቅ ሳይደረግ ቆዳው ከተቆረጠ ወደ ታች ይጎተትና ዓይን በደንብ አይከደንም።

ለጉንጭ ከሆድ ወይም ከጭን የተወሰደ የራስ ስብ ይሞላል፤ ከፊሉ ግን በወራት ውስጥ ይጠፋል። ፊለር (በመርፌ የሚወጋ መሙያ) ቀላል ይመስላል፤ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እባክዎ በውበት ሳሎን አይወጉ! የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ወይም የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የተማረ የዓይን ሐኪም ያማክሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መበለዝ ያለ ነው። ኃይለኛ ሕመም መጥቶ እይታዎ ከደበዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።