ቢስክሌትን ስለ መምረጥና ስለ መጠበቅ

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በከተማችን በባሕር ዳር ቢስክሌት እንደ ጫማ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጧት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪ፣ ወደ ገበያ የሚወርደው ነጋዴ፣ ወደ ሥራው የሚገሠግሠው ሠራተኛ በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ይታያል። መንገዱ ሜዳ ስለ ሆነ ነጂውን አያደክመውም። ነገር ግን ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንቀመጥበትን መሣሪያ ጠባዩን አናውቀውም። ስንገዛው በቀለሙ እንመርጠዋለን፤ ከገዛነውም በኋላ እስኪሰበር ድረስ አናስታውሰውም። እኔም ከእነዚህ እንደ አንዱ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ እርሱን ከዚህ በታች እገልጻለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ስለ ቢስክሌት ታሪክ ጥቂት ልበል።

ቢስክሌት የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት መንኰራኵሮችን በአንድ የእንጨት አግዳሚ ላይ አያይዞ ሠራ። ፔዳል ስላልነበረው ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድበት ነበር። ፔዳሉ የተጨመረው በ1860ዎቹ በፈረንሳይ አገር ነው። ከዚያም በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ዳንሎፕ የትንሽ ልጁን ባለሦስት እግር ቢስክሌት እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነፋስ የተሞላ ጎማ አበጀለት፤ በ1888ም ሥራውን በመንግሥት ዘንድ አስመዘገበ። እንግዲህ ዛሬ የምንነፋው ጎማ አባት ለልጁ ከማሰቡ የተገኘ ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የዕቃዎቹ ስም ራሱ ታሪክ ይነግረናል። ካቴና፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ከሯጮቻችን ጋራ ቢስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የደረሰብን ነገር

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ አባቴ በሰጠኝ ላይ ጨምሬ አንድ ያገለገለ ቢስክሌት ገዛሁ። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነበር። ቁመቱ ለእኔም ቢሆን ይበዛብኝ ነበር፤ በቀዩ ቀለም የተነሣ ግን ይህ ጉድለት አልታየኝም። ሻጩ «ታድግበታለህ» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልሁት።

በኅዳር ወር የፍሬኑ መያዣ ሲጨበጥ ከመሪው ጋራ እስኪገናኝ ድረስ ላላ። ጎንበስ ብዬ ባየው የፍሬኑ ገመድ ከመያዣው ሥር ተፈትሎ፣ ከቀጫጭን ሽቦዎቹ አንዳንዶቹ ተበጥሰዋል። «ነገ አሠራዋለሁ» አልሁ። ነገ ነገ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ።

አንድ እሑድ ቀን የ12 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ዓባይንና ከተማውን ከላይ ለማየት ፈለገና ቢስክሌቱን ለመነኝ። እኔም ሰጠሁት፤ ስለ ገመዱ ግን አንድም ቃል አልነገርሁትም። ሲወጣ ደኅና ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ ገመዱ ተበጠሰ። በእግሩ መሬቱን ረግጦ እንዳይቆም የቢስክሌቱ ቁመት ከልክ በላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ መንገዱ ዳር ተወርውሮ ወደቀ። የቀኝ እጁም ከአንጓው ላይ ተሰበረ።

እጁ በጀሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ቆየ። መጻፍ ስላልቻለ ማታ ማታ ደብተሩን የምጽፍለት እኔ ነበርሁ። እናቴ እርሱን ስታጎርስ ባየሁ ቁጥር እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ይለኝ ነበር። አባቴ አልተቆጣኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ገመዱ መሳሳቱን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባዬ።»

ከዚህ በኋላ ምንም አልተናገረም። እኔ ግን ከቁጣ ሁሉ የከበደኝ ያ ዝምታ ነው። በማግስቱ ቢስክሌቱን እየጐተትሁ በመንገድ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ቢስክሌት ወደሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ወሰድሁት። እርሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ብሠራልህ ለአንድ ወር ነው፤ አንተ ብትማር ግን ለዕድሜህ ነው» ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ እንድረዳቸው ፈቀዱልኝ። ከዚህ የሚከተለው አብዛኛው የእርሳቸው ትምህርት ነው።

ስለ ምርጫ

ቢስክሌት ሲመረጥ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ይኸውም፦ የሚነዳው ማን ነው? የሚሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? ሲበላሽስ መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል? ስለ ቀለሙ የሚጠየቀው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የነጂውን ልክ ለማወቅ ብዙ ጥበብ አያሻም። ገዢው ቢስክሌቱን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ ከኮርቻው ፊት ይቁም። ተረከዞቹ መሬት ረግጠው ሳለ በእርሱና በአግዳሚው ብረት መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ብረቱ የሚነካው ከሆነ ቢስክሌቱ ትልቅ ነውና ይተወው። «ታድግበታለህ» የሚለው ቃል ለኮት ይሆናል እንጂ ለቢስክሌት አይሆንም፤ ኮት ቢሰፋ ሰው አይጥልምና።

የኮርቻው ከፍታ ደግሞ እንዲህ ይለካል። ነጂው ተቀምጦ ተረከዙን በፔዳሉ ላይ ያድርግ፤ ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ እግሩ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ደንቡ ከጣቶቹ ሥር ባለው የእግሩ ክፍል ሲረግጥ ጉልበቱ በመጠኑ ዕጥፍ ይላል። ኮርቻው ካነሰ ጉልበት ያማል፤ ከበዛ ወገብ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

ስለ መንገዱ፣ ቀጭን ጎማ ለአስፋልት፣ ሰፊና ጥርሳም ጎማ ለጠጠርና ለኮረኮንች ይስማማል። በጎማው ጎን ላይ 26 × 1.95 የሚል ጽሕፈት ቢገኝ የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርዝመት፣ ሁለተኛው ስፋቱን በኢንች ያመለክታል። አዲስ ጎማ ስትገዙ ይህን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ማርሽን በተመለከተ፣ አቀበት ለሚወጣ ሰው ትልቅ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ማርሽ በበዛ ቁጥር የሚጠበቀውም ዕቃ ይበዛል። በሜዳ ከተማ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ብቻ ለሚመላለስ ተማሪ ያለ ማርሽ የተሠራውም ይበቃዋል።

ስለ ጥበቃ

1ኛ፤ ፍሬን። ይህን ከሁሉ ያስቀደምሁበትን ምክንያት አንባቢ ያውቀዋል። የፍሬኑ መያዣ በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ ከመሪው ጋራ መገናኘት የለበትም። ላስቲኩ መንካት ያለበት ቸርኬውን ብቻ ነው፤ ጎማውን የሚነካ ከሆነ ጎማውን እየፋቀ ይቀደዋል። በላስቲኩ ላይ የተቀረጹት ቦዮች በልተው ሲጠፉ ላስቲኩ መለወጥ አለበት። ከገመዱ ሽቦዎች አንዱ እንኳ ተበጥሶ ቢታይ ገመዱ በዚያው ቀን ይለወጥ፤ የቀሩት ሽቦዎች የእርሱን ሸክም ስለሚሸከሙ ተራ በተራ ይበጠሳሉና። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ላስቲኩ በመጀመሪያ ከቸርኬው ላይ ውሃውን መጥረግ ስላለበት ቢስክሌቱ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ በክረምት ከወትሮው ቀደም ብሎ መያዝ፣ ሁለቱንም ፍሬኖች አንድ ላይ ቀስ እያሉ መጨበጥ ይገባል።

2ኛ፤ ካቴና። ብዙ ሰው ካቴና ዘይት በጠጣ ቁጥር የሚደሰት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዘይቱ የሚያስፈልገው በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ነው፤ በውጭ የቀረው አቧራ እየሰበሰበ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ካቴናውን ላምባ በነከረ ጨርቅ መጥረግ፣ ሲደርቅ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ማድረግ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ጊዜ ማዞር፣ ከዚያም የተረፈውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ማስወገድ ነው። ከመኪና የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት በውስጡ የብረት ብናኝ ስላለበት አይጠቅምም።

ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል። ይህም በማስመሪያ ይታወቃል። በአዲስ ካቴና ከአንድ ሚስማር መካከል ተነሥቶ እስከ 24ኛው ተከታይ ሚስማር መካከል ያለው ርቀት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርቀት 306 ሚሊ ሜትር አልፎ ከተገኘ ካቴናው ይለወጥ። 308 ከደረሰ በኋላ ግን የጥርሶቹንም ቅርጽ ያበላሸዋልና፣ ካቴና ብቻ ይገዛ የነበረው ሰው ጥርሱንም አብሮ ለመግዛት ይገደዳል። የቆጠበ መስሎት ዕጥፍ ይከፍላል ማለት ነው።

3ኛ፤ ጎማ። የሚገባው የነፋስ መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ጎማ ሲተነፍስ ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ነፍቶ፣ በውሃ ውስጥ ማስገባትና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው። ካደረቁት በኋላ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ማስቲሽ በስሱ መቀባትና ደቂቃዎች ታግሦ ልጥፉን ማስጫን ይገባል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ አይቆይም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን? ከሁሉም በላይ ከመነዳሪውን ከመመለስ በፊት የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ መዳሰስ ያስፈልጋል። የግራር እሾህ በዚያው ተሰክቶ ከቀረ የጠገንነውን መልሶ ይወጋዋል።

4ኛ፤ ብሎን። ከመንገድ በፊት ቢስክሌቱን አንድ ስንዝር ያህል አንሥቶ በቀስታ መልቀቅ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሁሉም የጠበቀ ከሆነ የጎማው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ኳ ኳ የሚል ካለ የላላ ነገር አለና ይፈለግ።

5ኛ፤ የራስ ቁር። የራስ ቁር ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ግንባርን መሸፈን፣ ማሰሪያውም ከአገጭ ሥር መጠበቅ አለበት። በውስጡ ያለው ስስ ነገር ግጭቱን የሚቀበለው ራሱ እየተጨፈለቀ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ የራስ ቁር ውጭው ደኅና ቢመስልም ዳግመኛ አያገለግልም።

በበረዶ ላይም ሕጉ አንድ ነው

ይህ ደንብ ለቢስክሌት ብቻ የተሠራ አይደለም። የስፖርት መምህራችን ይህን ጽሑፍ ሳሳያቸው በበረዶ አገር ሰዎች በእግራቸው አሥረው ስለሚንሸራተቱበት ስለ ስኪ አጫወቱኝ። በ1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በዚህ ስፖርት ተወዳድሮ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጨዋታ አስጠርቷል። የረጅም ርቀት ስኪ መካከሉ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ነው። ሰው በአንዱ እግሩ ሲረግጠው መካከሉ በረዶውን ነክቶ ይይዝለታል፤ ክብደቱን ለሁለቱ ሲያካፍለው ከፍ ብሎ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ለነጂው ክብደት ከልክ በላይ ደረቅ የሆነ ስኪ ወደ ኋላ ያንሸራትታል፤ የላላ የሆነውም ይጎተታል። ሥሩ የሚቀባው ሰምም እንደ ብርዱ ይመረጣል፤ ለጽኑ ብርድ ጠንካራው፣ ለለዘብተኛው ለስላሳው ነው። ከጨዋታ በኋላም ተጠርጎ ይደርቃል። እንግዲህ ቢስክሌት በአቧራ፣ ስኪ በበረዶ ላይ ቢሄዱም ሁለቱም ከባለቤታቸው የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ለሰውነትህ ልክ የሆነውን ምረጥ፣ ከመነሣትህ በፊት መርምር።

መደምደሚያ

የወንድሜ እጅ ድኗል። ያንን ቀይ ቢስክሌት ለቁመቱ ለሚስማማ ሰው ሸጥሁት፤ አዲሱን ገመድ ያስገባሁለት፣ ፍሬኑን ያጠበቅሁለት ግን እኔ ራሴ ነኝ። በዋጋውም አነስ ያለና ቀለሙ የደበዘዘ ሌላ ቢስክሌት ገዛን። ዘወትር ቅዳሜ ከወንድሜ ጋራ እናጥበዋለን፤ ካቴናውን እንጠርጋለን።

በቅርቡ ወደ ገበያ ስላከው ወንድሜ ቶሎ አልተነሣም። በመጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ተመለከተ፤ ቀጥሎም ሁለቱን ፍሬኖች ጨበጠና ቢስክሌቱን ወደ ፊት ገፋው። ካመነ በኋላ ነው የተቀመጠው። እኔ በልቤ ያልነገርሁትን ቃል አሰብሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር እንደሚባለው ከአደጋ በኋላ ማዘን ማንንም አያድንም። ቢስክሌታችሁን ለሌላ ሰው ስታውሱ ጉድለቱን አብራችሁ ንገሩ፤ ይልቁንም ጉድለት ያለበትን አታውሱ። ወላጆችም ለልጆቻችሁ ቢስክሌት ስትገዙ ልኩን እዩ፤ ከገመድና ከላስቲክ ዋጋም አትሣሡ። የአንድ ገመድ ዋጋ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነገ» በማለቴ ወንድሜ ስድስት ሳምንት ሙሉ እጁን በጀሶ አሥሮ ከፍሎልኛል።