የሚያሳክከው ራስ፤ ችፌን ከቈረቈር ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ ማስታገስ

በተማሪ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ቆቤን አላወልቅም ሲል፥ ወይም ነጠላዋን ከራስዋ ላይ የማታወርድ ልጃገረድ ስትገኝ፥ መምህሩ ነገሩን አስቀድሞ እንደ ትዕቢት ይቈጥረዋል። ብዙ ጊዜ ግን ትዕቢት ሳይሆን ዕፍረት ነው። የራሱ ቆዳ ቅርፊት አውጥቶ ሌሊቱን ሲያሳክከው ያደረ፥ እንቅልፍ ያጣ ልጅ፥ ፊደሉን ለመያዝም ሆነ ቍጥሩን ለመደመር አሳቡ አይሰበሰብለትም። ጓደኞቹም «ይጋባብናል» ብለው ከአጠገቡ ይሸሻሉ። በመጨረሻም መምህሩ ራሱ «እስክትድን ድረስ ቤትህ ተቀመጥ» ይለዋል።

በዚህ ፍርድ ሁለት ስሕተት ይሠራል። የማይጋባ ደዌ ያለበት ልጅ ያለ በደሉ ከትምህርቱ ይለያል፤ የሚጋባ ደዌ ያለበት ልጅ ደግሞ «እድፍ ነው፥ ቢታጠብ ይለቀዋል» እየተባለ ሳይታከም ይቀራል። ሁለቱም ስሕተት የሚመጣው ደዌን ከደዌ ለይቶ ካለማወቅ ስለ ሆነ፥ ይህ ትምህርት አስቀድሞ የመለያውን ምልክት፥ ቀጥሎም የማስታገሻውን ሥርዐት ይናገራል።

ችፌ ምን እንደ ሆነ

የሰው ቆዳ እንደ ቤት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ደኅና የሆነ እንደ ሆነ የውስጡን እርጥበት ይጠብቃል፤ ከውጭ የሚመጣውንም ጕዳት ይከለክላል። ምርጊቱ የተሰነጠቀ ግድግዳ ነፋስና ዝናብ እንደሚያስገባ ሁሉ፥ ችፌ የያዘው ቆዳም ቅባቱና እርጥበቱ እየወጣ ይደርቃል፤ የሚያስቈጣውም ነገር በቀላሉ ይገባበታል። ስለዚህ ያሳክካል፤ ሲታከክ ይቈስላል፤ ሲቈስልም ከፊተኛው ይልቅ ያሳክካል። ይህ ዑደት ካልተቋረጠ ደዌው አይበርድም።

ይህ ዓይነቱ ችፌ በዘር የመውረድ ጠባይ አለው። ከልጁ ዘመዶች መካከል አስም ያለበት፥ ወይም በየወቅቱ የሚያስነጥሰውና ዓይኑን የሚያሳክከው ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል። በሕፃንነት በፊትና በራስ ላይ ይጀምራል፤ ልጁ ከፍ ሲል በክርንና በጕልበት እጥፋት ይታያል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጥ ስለማይታይ፥ ቆዳው ሲጠቍር ወይም ግራጫ ሲመስል፥ በእጅም ሲዳስሱት ሲሻክር ማስተዋል ያስፈልጋል። ቍስሉ ከዳነ በኋላ ሥፍራው ነጣ ብሎ ይቈይ ይሆናል፤ ይህ ለምጽ አይደለምና ወላጆች አይደንግጡ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መልኩ ይመለሳል።

ሁለተኛው ዓይነት ከራስ ወዝ ጋር የተያያዘ ነው። በሰው ሁሉ ራስ ላይ፥ በወዙ የሚኖር፥ የእርሾ ወገን የሆነ ረቂቅ ፍጥረት አለ። በአንዳንድ ሰው ቆዳው በዚህ ምክንያት ይቈጣና ወዛም ቢጫማ ቅርፊት ያወጣል። ቀላል የሆነ ጊዜ ፎረፎር ይባላል። ጨቅላ ሕፃናትን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይይዝና አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላቸው ይለቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልጅ ለአካለ መጠን መድረስ ሲጀምር ነው። ሁለቱም ዓይነት ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ቈረቈርና ቅማል በምን እንደሚለዩ

ከዚህ ነገር ለመምህራን የሚጠቅም ዕውቀት ይገኛል። የወዝ ፎረፎር በጨቅላነትና በጕርምስና መካከል ባለው ዕድሜ ብዙ ስለማይገኝ፥ በትንንሽ ተማሪዎች ራስ ላይ ቅርፊት የታየ እንደ ሆነ «ፎረፎር ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። አስቀድሞ ቈረቈርን መጠርጠር ይገባል።

ቈረቈር የሚመጣው ከሻጋታ ወገን በሆነ፥ ፈንገስ በሚባል ረቂቅ ነገር ነው። ፈንገሱ ወደ ጠጕሩ ገብቶ ስለሚሰብረው፥ ክብ ክብ የሆነ መላጣ ሥፍራ ይታያል፤ በውስጡም ከሥሩ የተቈረጠ አጭር ጠጕር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። ብዙ ጊዜም ከአንገት በስተኋላ ንፍፊት ይወጣል። በማበጠሪያ፥ በቆብ፥ በምላጭና በመኝታ ልብስ ይጋባል፤ ከጥጃና ከድመትም ይተላለፋል። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጆች አብረው የታመሙ እንደ ሆነ ከችፌ ይልቅ ቈረቈርን መጠርጠር ይገባል።

ቅማል ግን ከጆሮ ኋላና ከማጅራት ላይ ይበዛል። ቅጫሙም በጠጕሩ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር፥ እንደ ፎረፎር በጣት ቢነኩት አይራገፍም።

ችፌን የማስታገስ ሥርዐት

ፊተኛው ነገር መታጠብ ነው። ራስን በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ማጠብ፥ ሳሙናውንም ፈጽሞ ማስለቀቅ ይገባል። የፈላ ውሃና ብርቱ ሳሙና የቀረውን ቅባት ጠርገው ስለሚወስዱ ማሳከኩን ያብሱታል።

ሁለተኛው ቅርፊቱን ማለስለስ ነው። ማታ ንጹሕ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በቅርፊቱ ላይ ቀብቶ፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር፤ ጠዋት ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ በቀስታ አንሥቶ ማጠብ ነው። ቅርፊትን በጥፍር መላጥ ቍስል ያመጣል። ራሱ ደረቅ የሆነ ልጅ ከታጠበ በኋላ እርጥበቱ ሳይጠፋ ጥቂት ቫዝሊን ይቀባ፤ ወዛም ቅርፊት ያለበት ግን ቅባቱ እንዲቈይበት አያስፈልግም። በአገራችን ለራስ የሚቀባው ቅቤም ሽቱ ወይም ቅመም የገባበት የሆነ እንደ ሆነ የተቈጣውን ቆዳ ስለሚያቃጥል፥ ቍስሉ እስኪሽር ድረስ ቢቀር ይሻላል።

ሦስተኛው ከመታከክ መጠበቅ ነው። የልጁ ጥፍር ይቈረጥ፤ ማሳከኩ በጸና ጊዜም በመታከክ ፈንታ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጫንበት። የሱፍ ቆብ ስለሚኰሰኵስ ከሥሩ የጥጥ ጨርቅ ይደረግ፤ ሹሩባም ሲሠራ ጠጕሩ ተወጥሮ አይጐተት።

ሊደረግ የማይገባው

ነጭ ጋዝ፥ በረኪና፥ የእህል ነቀዝ መርዝ በልጅ ራስ ላይ ከቶ አይደረግ። መርዙ በቈሰለው ቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ እስከ ሞት ያደርሳል፤ ነጭ ጋዝም በእሳት አጠገብ ይቀጣጠላል። የቍልቋል ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ወደ ዓይን የገባ እንደ ሆነም ሊያሳውር ይችላል። እንዶድ ልብስን ቢያነጻም የተቈጣ ቆዳን ያስቈጣል። ልጆችን ሁሉ በአንድ ምላጭ መላጨትም ቈረቈርን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምታል፤ በደም የሚተላለፍ ሌላ ደዌም ያመጣል። ሐኪም ሳያዝዝ ከሱቅ የተገዛ የኮርቲዞን ቅባትም ለቈረቈር ቢቀባ፥ ምልክቱን ለጊዜው ይሸሽጋል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም።

በሐኪም ቤት የሚገኘው ርዳታ

ቈረቈር በሚቀባ መድኃኒት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ ያስፈልገዋል። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓና በሌላም አገር የታመመውን ልጅ ጠጕር በራጅ ጨረር ያረግፉት ነበር፤ ይህም ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ ካንሰር አስከተለ። ግሪሴዮፉልቪን የሚባለው መድኃኒት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ተገኝቶ፥ ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ለሰው በአፍ ስለሚሰጥ፥ ያ ሁሉ ቀርቷል። የሚወሰደው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፥ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ይበልጥ ይሠራል፤ በጾም ወራት ዘይት ያለበት ወጥ ይበቃል። ጠጕሩ ማብቀል ጀመረ ብሎ ሐኪሙ ሳያዝዝ ማቋረጥ ደዌውን መልሶ ያመጣል።

ለችፌ ሐኪሙ ለጥቂት ቀን የሚቀባ ሃይድሮኮርቲዞን ያዝዝ ይሆናል፤ ለወዛሙ ዓይነት ደግሞ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ በሳምንት 2 ጊዜ፥ ከመታጠቡ በፊት 5 ደቂቃ ያህል በራስ ላይ እየቈየ ይሰጣል። ራሱ መግል የያዘ ወይም ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ትንንሽ ውሃ የቋጠረ የሚያምም ቍስል ከትኵሳት ጋር የወጣበት እንደ ሆነ ግን በዚያው ቀን መወሰድ አለበት።

የመምህሩና የሽማግሌው ድርሻ

ችፌ ያለበት ልጅ ከተማሪ ቤት ሊወጣ አይገባም። ቈረቈር ያለበትም መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ከትምህርቱ የሚለይበት ምክንያት የለም፤ ማበጠሪያውና ቆቡ ብቻ ለብቻው ይሁን። መምህሩ የልጁን ራስ በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርቶ ይመልከት፤ ያየውንም ለወላጆቹ በቀስታ ይንገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ፥ ልጅ ቆቡን ያለ ፍርሃት የሚያወልቀው የማይሰድቡት መሆናቸውን ሲያውቅ ነው። ሽማግሌዎችም በዕድርና በሰንበቴ ላይ ይህ ደዌ የእድፍም የእርግማንም ምልክት አለመሆኑን ቢያስረዱ ታላቅ ሥራ ይሠራሉ።

ችፌ አንድ ጊዜ ታክሞ ለዘወትር የሚጠፋ አይደለም፤ ይበርዳል፥ ደግሞም ይመለሳል። ስለዚህ የልጁ ቤተ ሰብ በተመለሰ ጊዜ ተስፋ ሳይቈርጥ ከላይ የተነገረውን ሥርዐት እንደገና ይጀምር።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ችፌ ለምን አይጋባም? ቈረቈርስ በምን በምን ይጋባል?
በትንሽ ተማሪ ራስ ላይ ቅርፊት ሲታይ ፎረፎር ነው ብሎ ማለፍ የማይገባው ስለ ምንድር ነው?
ቅርፊት ሳይላጥ የሚለሰልሰው እንዴት ነው?
በመንደሩ ለራስ ከሚደረጉት ነገሮች መተው የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው?